«እኔ እንጃ» በር ስታንኳኳ

ድንቡሼ ሰባት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከልብስ ሰፊ እናቷና ከትንሽ ወንድሟ ከማሙሽ ጋር፣ ረጅምና ጨለምለም ያለ ኮሪደር ባለው ፎቅ ላይ ነው። ድንቡሼ ያሏት ጉንጮቿ ሞላ ሞላ ስላሉ ነው እንጂ ስሟስ ሌላ ነው።

ልጆች፣ ድንቡሼ ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ። ትታዘዛለች፤ ወንድሟንም ትወደዋለች። አንድ አመል ግን ነበረባት። ምንም ነገር ስትጠየቅ መልሷ «እኔ እንጃ» ነው። ብርጭቆውን ማን ሰበረው? እኔ እንጃ። ቧንቧውን ማን ከፍቶ ሄደ? እኔ እንጃ። የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ እናቷ አንደኛው ቢጫ ካልሲ የት ገባ ብላ ጠይቃት ነበር። በመስኮት የወረወረችው ራሷ ናት። እሷ ግን ዓይኗን ሳታሽ «እኔ እንጃ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘ። እናትና ልጅ የሙዝ ዳቦ ሊጋግሩ ወጥ ቤት ገቡ። አክስታቸው ታማ እህል አልወርድ ብሏት ሰንብታለች። «የሙዝ ዳቦ ቢሆን እቀምስ ነበር» ብላ ልካ ነበርና፣ ቤት ውስጥ የቀሩት ሙዞች ሁሉ ለእሷ ተመደቡ። ልጣጫቸው ጠቁሯል። ለዚህ ዳቦ ግን የሚጣፍጠው እንዲያ ያለው ነው። ድንቡሼ በሹካ ድፍጥጥ አደረገቻቸው። እናቷ እንቁላል እየሰበረች ሳቀችና እንዲህ አለቻት፦

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያቺ 'እኔ እንጃ'ሽም አንድ ቀን እግር እንዳታወጣብን።»

ድንቡሼም ሳቀች። አብረው ስኳሩን፣ ዘይቱንና ዱቄቱን ቀላቀሉ፤ ኦቭኑ ውስጥም ከተቱት። ወዲያው አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች። እናትየው ወደ ስፌት ክፍሏ ስትሄድ፣ ሊጡ ሳይበስል ቀዝቃዛ አየር ከነካው ስለሚወድቅ ማንም የኦቭኑን በር እንዳይከፍት አስጠነቀቀች።

ድንቡሼ በመስታወቱ ብትመለከት እንፋሎት ሸፍኖታል። ሽታው ግን አያስቀምጥም። ትንሽ ባየው ምን አለበት አለች በሆዷ። አያችሁ ልጆች፣ ጥፋት ሲመጣ ሁልጊዜ «ትንሽ» ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው። ድንቡሼ ጨርቅ ይዛ በሩን ከፈተች። ኩፍ ብሎ የነበረው ዳቦ እንደ ሰው «እፍፍ» ብሎ ተነፈሰና መሃሉ ስርጉድ አለ። ቶሎ ዘጋችው።

ደንበኛዋ ሄደች፤ እናትየው ተመለሰች። ዳቦውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ እንጃ» አለች ድንቡሼ።

ማሙሽ ኦቭኑ አጠገብ ቆሞ ሊጥ የነካ ጣቱን ይልሳል። እናቱ አየችውና ደነገጠች። እጁ ተቃጥሎ ቢሆንስ ብላ መዳፉን አገላብጣ ፈተሸች። ድንጋጤዋም ወደ ቁጣ ዞረ። ሁለተኛ ኦቭን እንዳይነካ ብላ መኝታ ቤት ብቻውን አስቀመጠችው፤ ዛሬም አክስቱ ጋ አይሄድም አለች። ማሙሽ ገና አፉን አልፈታም፤ ምን ብሎ ይከራከር? አክስቱን ደግሞ እንዴት እንደሚወዳት! ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ። ድንቡሼ አየችው፤ ግን ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ያኔ የውጭው በር ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ከታች በኩል፣ አጭር ሰው እንደሚያንኳኳው።

«ማነው?» አለች ወደ ስፌት ክፍሏ ተመልሳ የነበረችው እናትየው።

«እኔ እንጃ» አለ ድምፁ።

«ድንቡሼ፣ ቀልዱን ተዪና ግቢ» አለች እናቷ፣ የስፌት መኪናዋን እየዘወረች።

ድንቡሼ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ናት። ድምፁ ደግሞ የራሷ ነው፤ ኮልታፋነቱ እንኳ አልቀረም። ፀጉሯ ቆመ። በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወደ በሩ ሄደችና ጎንበስ አለች። ከበሩ ሥር ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። አንደኛው ባዶ ነው። ሌላኛው ቢጫ ካልሲ አጥልቋል፤ ካልሲው ዝናብ ጠጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለች ድንቡሼ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ» አለ ድምፁ። «ወልደሽኝ የኔ ናት የሚል ጠፋ። በርዶኛል፤ አስገቢኝ። ከማሙሽ ጋር እቀመጣለሁ።»

የማሙሽን ስም ስትሰማ ድንቡሼ አላስቻላትም። እየሮጠች እናቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ እኔ...» አለችና ቆመች። ምላሷ ላይ የለመደችው ቃል መጣ። ከበሩ ውጭም ያ ድምፅ፣ ሊጨርስላት እንደቸኮለ ሁሉ፣ «እን...» ሲል ተሰማት። ምራቋን ዋጠች።

«እኔ ነኝ። ኦቭኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማሙሽ ምንም አላደረገም። ካልሲውንም የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ኮሪደሩ ጸጥ አለ።

እናትየው መጀመሪያ ወደ ማሙሽ ሄደች፤ ተንበርክካ አቀፈችው፤ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ አለችው። ድንቡሼም እያለቀሰች ጉንጩን ሳመችው። ማሙሽ ሊጥ በነካ እጁ እንባዋን ሊጠርግላት ሲሞክር ፊቷን ሁሉ ለቀለቀው። ከዚያ በሩን ከፈቱ። ማንም የለም። ደፉ ላይ ግን አንድ ቢጫ ካልሲ ተቀምጧል፤ እርጥብ ነው፤ ውስጡ ገና ይሞቃል። እናትየው ካልሲውን አየች፤ ድንቡሼን አየች፤ ካልሲውን አንስታ ጨመቀችው።

አመሻሹ ላይ ሦስቱም ስርጉዱን ዳቦ ይዘው ሄዱ። እናቷ እንዳዘዘቻት፣ ዳቦው ለምን እንደወደቀ ለአክስቷ የነገረችው ድንቡሼ ራሷ ናት። አክስትየው ከወደቀው መሃል ቆርሳ ቀመሰች፤ ደገመች። ቀጣዩን ቁራሽ ለማሙሽ አጎረሰችው።

እግዚአብሔር አዳምን «ወዴት ነህ?» ያለው የት እንዳለ ጠፍቶት አልነበረም፤ ከራሱ አፍ ሊሰማ ፈልጎ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ አጥፍታችሁ «ማነው?» ስትባሉ፣ «እኔ» ብላችሁ ከጀመራችሁ «ነኝ» ብላችሁ ጨርሱ።