ሐሚድ ሊያነሳው የፈለገው ነገር

ሐሚድን የማኅበሩ ማሽላ ከሚከማችበት ጉድጓድ በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ፖሊሷ አስር አለቃ ወርቅነሽ ከሸዋ ሮቢት ቀወት ስትደርስ የገበሬ ማኅበሩ ገዳይ አግኝቶ ጨርሷል። የሟች ሚስት ፋዲላ እጇን ታስራ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

«ገፍታ ጣለችው» አለ ካሳሁን፣ ከአዲስ አበባ የተላከው ካድሬና የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ። «ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። ዛሬ መኪና ወደ እስር ቤት ይወስዳታል፤ እዚያ የገባ አይመለስም።»

ወርቅነሽ ሬሳውን ገላልጣ አየች። ጭረት እንኳ የለበትም።

«እትዬ ፋዲላ፣ በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«አትሂድ አልኩታ! በየውይይቱ ‹ማሽላችን ጉድጓድ ውስጥ የለም› ይላል። ጓድ ካሳሁን ‹ከአጀንዳ ውጭ!› ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ሰዉ ይስቅበታል። በመጨረሻ ‹በዓይንህ አይተህ ና፣ ያኔ አጀንዳ ይሆናል› አለው። ያ የዋህ አመነ።»

የጉድጓዱ ጠባቂ ሷሊሕ ጺሙን እያሻሸ መጣ።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ጉድጓዱን ማን ከፈተው?»

«ከእኔ በቀር ማን ይነካዋል? ትናንት ከፍቼው ሲናፈስ ነው ያደረው፣ ወላሂ! ለሐሚድም ይህንኑ ነገርኩት።»

ከሰዓት ክበቡ ሾላው ስር ሲሰበሰብ ወርቅነሽ መሃል ቆመች።

«ተገፍቶ የወደቀ ሰው ቆዳው ይላጣል፤ ሐሚድ በፈቃዱ ነው የወረደ። የገደለው የታፈነ ጉድጓድ ነው። ሳይናፈስ እንደማይገባበት እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። ታዲያ ለምን ገባ? ተናፍሷል ስለተባለ። አሁን ፋኖስ ባወርድ ወዲያው ጠፋ። አየሩ ዛሬም የታፈነ ነው፤ ትናንት አልተከፈተም። ጋሼ ሷሊሕ፣ ዛሬ ከፍተው ነው ያወረዱት። የፀሐይ ብርሃን በመስታወት አንጸባርቄ ታቹን አየሁ፤ የሻገተ ገለባ ብቻ ነው። ማሽላውን ሸጣችሁታል። ሽጡ ያለውም እዚሁ ተቀምጧል።»

ሷሊሕ ዞሮ ካሳሁንን አየ። ፋዲላ ቀና አለች።

ካሳሁን ተነሳ። «የዛሬው ርዕስ የምርት ዕድገት ነው። ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው የምትሉ፣ እጅ አውጡ።»

«ጓድ፣ ሰው ሞቷል እኮ!»

«እርስዎ የክበቡ አባል አይደሉም፤ ድምፅ የለዎትም።»

ሷሊሕ ቀድሞ አወጣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። የሐሚድ ወንድም አብዱልሃዲ ፋዲላን እያየ ቆየና ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አነሳ።

ወርቅነሽን አጃቢ አድርገው ፋዲላን መኪና ላይ ጫኗት። አቧራው ሳይበርድ ካሳሁን «እሺ፣ ማን ይጀምር?» አለ።

አብዱልሃዲ ተነስቶ ስለ ማዳበሪያ ተናገረ።