በእሷ አውራ ጣት የተመዘገበው ግንበኛ

«ከእኔ ማሽን ያመለጠ ጣት የለም፤ ስልኬ ላይ አፍጥጬ የምጠብቀው ወንድ ገና አልተወለደም!»

እንዲህ ነበር የምትለው፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማት። ሰፈርተኛው «እመት አሻራ» ይላታል። ሃያ ዓመቷ ነው። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ፊደል ለይታ ሳትጨርስ ነበር፤ ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ሱቁም የአክስቷ ነው። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥበታል። ጥጉ ላይ ደግሞ የእሷ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ታብሌትና የክብሪት ሳጥን የምታህል የአሻራ ማንበቢያ አለች። ጣት ሲስማማት አረንጓዴ ትበራለች፤ ካልተስማማት ቀይ።

በዚያ ወር መንግሥት አዲስ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ስልክ ያለው ሁሉ አሻራውን ይስጥ፤ አሻራ የሌለው ቁጥር ወሩ ሲያልቅ ይቆረጣል። ለምን ሲባል መልሱ «ለደኅንነታችሁ» ነው። ከማን እንደሚጠበቁ ግን የነገራቸው የለም። ሰዉም ምን ያድርግ፣ ጣቱን ይዞ ተሰለፈ።

እሷ ግን ደስ አላት። በቀን መቶ ሰው እጁን ይሰጣታል። ሱቁ ሲዘጋ እጇን የሚነካ ሰው አልነበረም። አክስቷ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት እሷ ቴሌቪዥኑን ትዘጋና ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቁጭ ትላለች። ይህንን ለማንም አትናገርም፤ ይልቅ ጠዋት ተነስታ ትፎክራለች።

አንድ ማክሰኞ አንድ ረጅም ወጣት ተራው ደረሰ። ሸሚዙ ላይ ሲሚንቶ፣ ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ።

«አውራ ጣት» አለችው ቀና ሳትል።

ቀይ።

«ሌላኛው።»

ቀይ። አሥሩንም ሞከረች፤ አሥሩም ቀይ። ይሄኔ ቀና አለችና እጁን ገልብጣ አየችው። የጣቶቹ ጫፍ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነው። ጡብና ሲሚንቶ መስመሩን ሁሉ በልተውታል።

«አንተ፣ ሰው ነህ ወይስ ግድግዳ?»

«ግድግዳ ነው የምሠራው፤ ገና አልሆንኩም።»

«ማሽኔ አላውቀውም እያለችህ ነው።»

«እኔም አላውቃትም። እኩል ነን።»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እመት አሻራ ፊቷ ቀላ። እስከዚያች ቀን ጣቱን እንጂ አፉን የሰጣት ደንበኛ አልነበረም።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛውም ቀን። እጁን ለብ ባለ ውኃ አጠበችው፤ ቫዝሊን ቀባችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ በሁለት እጆቿ መሃል ይዛ አሞቀች። ከጣት ወደ ጣት ስትሄድ ወሬያቸው እየቀነሰ መጣ። አራተኛው ጣት ላይ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ማሽኗ ብቻ ቀይ፣ ቀይ ትላለች።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ሂድ» አለችው።

«ሄጄ ነበር። የሐኪም ወረቀት አምጣ አሉኝ። ሐኪሙ ደግሞ ጣትህ ጤነኛ ነው፣ ጤነኛ አላክምም አለኝ።»

«ተወው ታዲያ። ስልክ ባይኖርህ ምን ትሆናለህ?»

«እናቴ ሁለት ልጆች ነበሯት» አለ። «ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ አንድ ቀን ስልኩ ዝም አለ፤ ከወር በኋላ መርዶው መጣ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስልኳ አጠገብ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ጥሪ ነው የምታነሳው። አንድ ቀን ብቀር እኔንም ሞተ ብላ ታለቅሰኛለች።»

ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን፣ ሱቁ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ግንበኛው ለመሰናበት ይመስል በሩ ላይ ቆሞ አየችው። አክስቷ ጓዳ ናት። እመት አሻራ ምንም ሳትል ስልኩን ተቀበለችው፣ ቁጥሩን አስገባች፣ የራሷን አውራ ጣት ማሽኗ ላይ አሳረፈች።

አረንጓዴ። የእሷ ስም፣ የእሷ ፎቶ ብቅ አለ።

«በቃ። ለመንግሥት ከዛሬ ጀምሮ አንተ እኔ ነህ» አለችው።

«ኧረ ቀስ በይ! ገና ሻይ እንኳ አልጋበዝኩሽም።» ከዚያ ስልኩን መዳፉ ላይ እያገላበጠ፣ «ከተጣላን ትቆርጪኛለሽ ማለት ነው?» አላት።

«በአንድ ጣት!» ብላ አውራ ጣቷን አፍንጫው ሥር ቀሰረችለት።

ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ፤ እሷ አላስተዋለችም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መጀመሪያ ለእናቱ፣ ቀጥሎ ለእሷ ይደውላል። እሷ ሱቁ ደረጃ ላይ፣ እሱ በሚሠራው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ፣ የእንጨት መወጣጫው ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ስለ ሁሉም ነገር ነገራት፤ ስለ ወንድሙ፣ እናቱ ስለምትኖርባት ትንሽ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ስላለው ሰማያዊ በር። «በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ነው፤ አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይላታል። እሷ የምትሰማው ድምፁን ነው፤ የሚለውን ሁሉ አልያዘችም።

አንድ እሑድ የሚሠራው ሕንፃ ላይ አወጣት። ገና ያልደረቀ ምርጊት ላይ አውራ ጣቷን ይዞ ቀስ ብሎ ተጫነው። ሲያነሳው የጣቷ መስመር ሁሉ ቀርቷል።

«ይቺን ማንም ማሽን አያነባትም» አላት።

አልተሳሳሙም። ከነፋሱ ጋር ቆመው ምርጊቱ እስኪደርቅ ጠበቁ።

በአራተኛው ወር መወጣጫው ተደርምሶ አንድ የሥራ ባልደረባው ሞተ። ግንበኞቹ ሐሙስ ዕለት በአሠሪው ቢሮ ፊት ለፊት ቆሙ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ ቆባቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ነው የቆሙት። ሰኞ እመት አሻራ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተጠራች።

የጠራት ሹም ክፉ አይመስልም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሻይ እየጠጣ የወረቀት ክምር ይገልጣል።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ሱቅ። አሻራ ስወስድ።»

«ሁለተኛው ስልክሽ ግን ሰልፉ መሃል ነበር። እዚያ የነበረ ስልክ ሁሉ ከአንቴናው ተለቅሞ እዚህ አለ።»

«ያ ስልክ ጠፍቶብኛል፣ ጌታዬ። ያገኘው ሰውዬ ነው የያዘው።»

«እንዲህ ነው? ታዲያ በየማታው ምን ትደዋወላላችሁ?»

«መልስልኝ እያልኩት።»

«አራት ወር ሙሉ? አንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጃል እኮ።»

«ልመና ነው። ልቡ ደንዳና ነው።»

ሹሙ ሊስቅ ነበር፤ ሳል አስመስሎ ዋጠው። «ስሚ፣ የእኔ እህት። ወረቀቱ የሚለው አንቺ በየቀኑ ራስሽ ለራስሽ ትደውያለሽ ነው። እውነቱን ንገሪኝና ሂጂ።»

የግንበኛው ስም አፏ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፣ ተናግራ ትሄዳለች። በስልክ የነገራት፣ መሬት ላይ የተቀመጡት ቆቦች ታወሷት።

«ብቸኛ ነኝ» አለች። «የማወራው ሰው የለኝም። ለራሴ ነው የምደውለው።»

ለመዋሸት ነበር የጀመረችው፤ ስትጨርሰው ግን እውነት ሆኖ አገኘችው።

ሹሙ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው። አንድ ቁጥር በቀይ ተከቧል። «ይቺስ? በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት የሚደወልላት ማን ናት?»

«እናቴ ናት።»

«እናትሽ መሞታቸው እዚህ ተጽፏል።»

«ይነሳል ደግሞ» አለ ሹሙ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «በየማታው፣ በመጀመሪያው ጥሪ ይነሳል።»

ይሄኔ አለቀሰች። እያለቀሰች ግን ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ነበር። የቻለችውን ሁሉ በቃሏ ያዘች፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች የሹሙ አውራ ጣት ሸፍኗቸዋል።

ስሙን አልሰጠችም። ሹሙ ተነፈሰና ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ነካ። የግንበኛው መስመር ተቆረጠ፤ የእሷም ተቆረጠ። ለአንድ ዓመት በስሟ ስልክ እንዳይወጣ ተጻፈ። በማግስቱ ማሽኗን ወሰዱባት።

ወደ ሕንፃው ሮጠች። በር ላይ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው።

«ተበተኑ» አላት።

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ደውይላቸዋ!»

ከዚያ በኋላ ቀኑ ረዘመባት። ጠረጴዛዋ ባዶ ነው፤ ሰዉ ጣቱን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ማታ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ እጇ ከልማዱ ወደ ጆሮዋ ይሄድና መንገድ ላይ ይመለሳል። ስልኬ ላይ አላፈጥም ያለችው ልጅ የምታፈጥበት ስልክ እንኳ የላትም።

በአሥረኛው ቀን አክስቷን ለመነች።

«እኔንም ልታስጠሪኝ?» አለች አክስቷ።

«እትዬ፣ መቶ ቁጥር ብቻ ነው። ከዜሮ ዜሮ እስከ ዘጠና ዘጠኝ። አንዱ እናቱ ናት።»

«አብደሻል!» አክስቷ ፊቷን አየቻት፣ ስልኩንም ወረወረችላት። «በቀን አምስት። ከዚያ በላይ ብትደውዪ እጅሽን እቆርጠዋለሁ።»

በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምስት ትደውላለች። እናትየው በመጀመሪያው ጥሪ ስለምታነሳ፣ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ ትዘጋና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አንዱ ተሳደበ። አንዲቱ «ባሌን ከየት አገኘሽው?» ብላ አፋጠጠቻት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «የግንበኛው እናት አይደለሁም፣ ልጄ። ግን ካልቸኮልሽ ትንሽ አውሪኝ» አሉ። አወራቻቸው። የዚያን ቀን ኮታዋ በአንድ ቁጥር አለቀ፤ አልቆጫትም።

ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደረሰች። የለችም።

አንድ ማታ ሙሉ ምንም አልደወለችም። በማግስቱ እንደገና ከዜሮ ዜሮ ጀመረች፤ አሁን ግን ስልኩ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ታስጠራለች። ሠላሳ ስምንት ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት ጊዜ ጠራ። በስምንተኛው ተነሳ።

«ማነው? ከጓሮ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት!»

«እማማ… ልጅዎ ግንበኛ ነው? ጣቱ ልሙጥ የሆነ?»

«ከመንግሥት ነሽ?»

«አይደለሁም። መንግሥት ያባረረኝ ነኝ።»

«አሃ። ያቺ የቆረጥሽው ነሽ!»

«እኔ?!»

«ስልኩ በስምሽ አይደል? ከአንቺ ሌላ ማን ይቆርጠዋል? በአንድ ጣት እቆርጥሃለሁ ብለሽዋል አሉ። ከሰልፉ በኋላ ፈርታ ቆረጠችኝ ብሎ፣ ሻንጣውን ይዞ መጣብኝ። ያንን ስልክ አጠገቡ አስቀምጦ እስከ ዛሬ ያየዋል፤ የሞተ ስልክ!»

ሁሉም ነገር አሁን ገባት። እናትየው ስልኳ አጠገብ ያልተቀመጠችው የምትጠብቀው ልጅ ቤት ስላለ ነው። ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ ወጣባት። «አልቆረጥኩትም! ወረቀት አፍንጫዬ ሥር ደቅነውብኝ ስሙን አልሰጠሁም! ሥራዬን አጣሁ፣ ስልኬን አጣሁ፣ ቁጥርዎን አውራ ጣት ሸፍኖብኝ መቶ ሰው ላይ ደወልኩ፣ አልበቃኝም፣ እንደገና ጀመርኩ! እስቲ በዚህ ዓለም ላይ ለአንድ ወንድ እንዲህ የሆነች ሴት አለች? ይንገሩኝ፣ አለች?»

«ጨረስሽ?» አለች እናትየው።

«…ጨረስኩ።»

«የምኖርበትን ከተማ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል።»

«ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር አላለሽም?»

ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች አፏን ያዘች። «ብሎኛል።»

«አውቶቡስ አሻራ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም።»

«እና ስድስት ሳምንት ሙሉ የሰው ስልክ ስታስጮሂ እግርሽን ምን ነክቶት ነው?»