ከፊት የሚመታ ሞገድ

የሒሳብ መምህርቷ ሰብለ ወንጌል ፋንታን የጠላችው በ1970 ዓ.ም. ከሞጣ ተዛውሮ ቢቸና ማስተማር በጀመረበት ዕለት ነው። ዳስተር ረስታ ወደ ክፍል ስትመለስ፣ አዲሱ የፊዚክስ መምህር ሰሌዳው ላይ የነበረ ሒሳቧን አጥፍቶ ጠመዝማዛ መስመር እየሣለ ደረሰችበት።

«ማን አጥፋ አለህ?»

«ያለቀ መስሎኝ ነው።»

«አላለቀም። ይኼስ ምንድን ነው? የእባብ መንገድ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የፋንታ ጆሮ ቀላ። «ሞገድ ነው፤» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ በየእረፍቱ ይጣሉ ጀመር። ቅንጣት የሚባል ጠጣር ነገር የለም ይላል ፋንታ፤ ቅንጣት የምንለው ሞገድ ከሞገድ ተገናኝቶ አንድ ቦታ ሲረጋ ነው። ድንጋይም የሚወድቀው መሬት ስባው አይደለም። ሞገድ ከየአቅጣጫው ይገፋዋል፤ ከታች የሚመጣውን መሬት ስለምትጋርደው የላዩ ያይላል።

«አንተን ደግሞ ምን ጋረደህ?» ትለዋለች።

አንድ ሳምንት ታማ ተመለሰች። ሰሌዳው ላይ የጀመረችው ሒሳብ እንዳለ ቆይቷታል። ፋንታ ሳምንቱን ሙሉ በሰሌዳው ጥግ ላይ እያጠበበ ጽፏል። የጻፈውን ጠጋ ብላ አነበበችው። ቀና ስትል ግን እሱም እያያት ነበር፤ ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ።

ዓርብ የመምህራን ውይይት ላይ ካድሬው ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ፋንታን አስነሣው።

«ቁስ የለም ብለህ ታስተምራለህ አሉ። ቁስ ከሌለ ገበሬው የሚያርሰው ምኑን ነው?»

«የለም አላልኩም። ቁስ ራሱ ሞገድ ነው ነው ያልኩት።»

«ይኼ ሃሳባዊነት ነው። የማን መሣሪያ እንደሆነ ታውቃለህ።»

 ባለፈው ወር በእንዲህ ያለ ጥያቄ ተጀምሮበት የተወሰደው የታሪክ መምህር እስካሁን አልተመለሰም።

«የሒሳብ መምህሯስ? አንቺም በዚህ ታምኛለሽ?»

ሰብለ ወንጌል ጠመኔ አንሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች።

«ፖለቲካውን እርስዎ ያውቃሉ፣ ጓድ። ይኼ ግን ከመነሻው ስህተት ነው። በዝናብ የሚሮጥ ሰው ዝናቡ ፊቱ ላይ ይበረታበታል። መሬትም እሱ በሚለው ሞገድ ውስጥ ፀሐይን ስትዞር ከፊት ይመታታል፤ ያዘገያታል። እንደሱ ቢሆን ይኼኔ ፀሐይ ውስጥ ገብተን ነበር።»

ሒሳቡን ሠርታ አሳየች። አዳራሹ ሳቀ፤ ካድሬው ከሁሉም በላይ ሳቀ።

«ጠላት መስሎን ነበር። ለካ ስሌት የማይችል ነው።»

ፋንታ ፊዚክስ እንዳያስተምር ተከልክሎ ወደ ሞጣ እንዲመለስ ተወሰነ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። በመስኮቱ ሲያያት ፊቱን አዞረ።

«ያን ያልሽው ልታድኚኝ ነው ይላሉ፤» አለ ሳያያት።

«እንዲስቁ ፈልጌ ነበር። ሒሳቡ ግን እውነት ነው።»

«አውቃለሁ። ሌሊቱን ደጋግሜ ሠራሁት።» ከረጢቱን ወደ ጭኑ ሳበ። «ሐሳቤን ትክክል ሆኖ ብታገኚውስ ኖሮ?»

ረዳቱ በሩን ዘጋ።

«ትክክል ነው እል ነበር።»

«ካድሬው ፊት?»

«እሱ ፊት።»

ፋንታ ዞሮ አያት፤ ይህን ብትል የት እንደምትወሰድ ሁለቱም ያውቃሉ። ሞተሩ ተነሣ።

«ሞጣ የሒሳብ መምህር የለም፤» አለ በዝግታ።

«መጥቼ ላርምህ ነው?»

«ሌላ ማን ያርመኛል?»

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ አብራው ተራመደች።

«ዝውውር እጠይቃለሁ፤» አለችው። «ግን እየተጣላን ነው የምንኖረው፤ እወቀው።»