ጓንጉልና የጎረቤቱ በሬ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ በሩን ገርበብ አታድርጊው፤ ጥርቅም አድርገሽ ዝጊው! ጨዋታው ከእኔ፣ መፍራቱ ከእናንተ። ካነሳችሁ እጨምርላችኋለሁ፤ ፍርሃት እንደሆነ ከእኔ ዘንድ ሞልቷል።

ድሮ ነው። አገሩን አልናገርም፤ ዘመዶቹ በሕይወት አሉ። አንዷ እኔ ነኝ። የአያቴ ወንድም፣ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። እኛ ዘር ውስጥ ጀግና ሞልቷል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ። እሱም እንደኛው ነው።

ሰዓቱስ? ዶሮ ጮኋል፤ ወፍ ግን ገና አልተንጫጫም። ወሩስ? ሰኔ። ጭጋጉ ወርዶ አገሩን ሸፍኖታል፤ የዘረጋኸው እጅ የማን እንደሆነ ያጠራጥራል። መንገዱስ? አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፤ በዚህ ጎን ገደል፣ በዚያ ጎን ቁልቋል። በዚያ መንገድ ጓንጉል ሁለት በሬዎቹን አስቀድሞ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ይሄዳል። ብቻውን።

በዚያ ሰዓት ምን አስወጣው? ድንበር!

ከጓንጉል ማሳ ጎን የዝማም ማሳ አለ። ዝማም ባሏ ቢተው ከሞተባት ገና ዓመት አልሞላትም። ከዚያች ማሳ ሌላ መሬት የላትም፤ ልጆቿ የሚበሉት ከዚያው ነው። በሁለቱ ማሳ መካከል ያልታረሰች የሣር መስመር አለች። ድንበር ማለት እሷ ናት። ጓንጉል በየክረምቱ ትልም እየጨመረ ሣሯን ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ መቀነት አሳክሏታል። ዝማም ብትቸገር ሽማግሌ ጠራች። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ረፋድ ላይ ሊመጡ ነው። እነሱ ሳይደርሱ ሣሯን ገልብጦ ካጠፋት ድንበሩ በአፍ ይሆናል። አፍ ደግሞ ጓንጉል አለው።

ሚስቱ አንጓች ማልዳ ለምናው ነበር። “አንተ ሰውዬ፣ የሙት ድንበር ነው፤ ተው!”

“ሙት አያርስ!” አላት ደረቱን ነፍቶ።

ቢተው በሕይወት ሳለ ሁለቱ በአፍ ተሰዳድበው አያውቁም። በበሬ ነበር የሚሰዳደቡት። ታውቁት የለም? ባላገር ለጠላቱ የሚለውን በበሬው ስም ነው የሚለው። ጓንጉል በሬውን “ግፋው” አለው። ቢተው የእሱን “ቀናለው” አለው፤ ሁሉም ቀን አለው ሲል። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ማዶ፣ “ሃ! ግፋው!” ከዚያ ማዶ፣ “ና! ቀናለው!” በሬዎቹ ምን በደሉ?

ከዚያ ቢተው ሞተ። ለአርባው ቀናለው ታረደ። ቀድሞ ደርሶ የተቀመጠው ማን ይመስላችኋል? ጓንጉል! መጨረሻ የተነሣውስ? ጓንጉል! ጥሬ ሥጋውን በላ፣ ወጡን በላ፣ ቅልጥሙን ጋጠ። “ነፍሱን ይማር፤ በሬው ከባለቤቱ ይሻላል” ብሎም ቀለደ። አያችሁ የኛን ዘር? ከሆዳችን የሚተልቅ አፋችን ብቻ ነው።

እንግዲህ ማሳው ደረሰ። በሬዎቹን ጠመደ። ማረሻውን ሣሯ ላይ ተከለ። “ግፋው” አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ።

ጧ!

ጭጋጉ ውስጥ ጅራፍ ጮኸ። የማን ጅራፍ ነው? የእሱ በእጁ ነው፤ አላጮኸውም። “ገደሉ ነው፤ ድምፅ ይመልሳል” አለ ለራሱ። ያልጮኸ ጅራፍ ገደል ይመልሰዋል እንዴ? እስቲ እናንተ ንገሩኝ!

ትንሽ ሄደ። “ሃ!” አለ አንድ ድምፅ።

“ማነህ?” አለ ጓንጉል፤ ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጠነ። “መንገደኛ ከሆንክ መንገዱ በታች ነው!”



ትንሽ ሄደ። ከጭጋጉ ሥር ሁለት እግር አየ። እግር ብቻ! ከጉልበት በላይ ጭጋግ ነው። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ የቀኙ አውራ ጣት ጥፍር የሌለው። ያን ጣት ያውቀዋል፤ ዕድሜ ልኩን ድንበር ማዶ ሲያየው የኖረ ጣት ነው።

“ቀናለው!” አለ ድምፁ። “ና፣ ቀናለው!”

ጓንጉል ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው! “ቀናለው እንደሆነ ታርዷል፤ በሬ የሌለው ሙት ምን ያደርገኛል?” አለ። ብልህነታችን እንዲህ ነው።

“እምቧ!”

ከየት መጣ? ከማዶ አይደለም። ከኋላ አይደለም። ከግፋውም አይደለም፤ ግፋው ጆሮውን አቁሞ ጌታውን ያያል። ከየት መጣ? ከሆዱ! ከራሱ ከጓንጉል ሆድ!

“ዝም በል!” አለ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ።

“እምቧ!” አለ ሆዱ።

እግሮቹ ቀረቡ። ከጭጋጉ አንድ እጅ ወጣ። እርፉን ያዘ። ከዚያ ድምፁ ከጆሮው ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ ለጎረቤት እንደሚያወጋ ሰው፦

“ጓንጉል፣ በሬዬን በላኸው። እኔ በምን ልረስ?”

ቀንበሩ ከአንዱ በሬ አንገት ላይ ተነሣ። ተነሥቶ የጓንጉል አንገት ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ግፋው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፀሐይ ወጣች፤ ጭጋጉ ተገፈፈ። ሽማግሌዎቹ ከዝማም ጋር መጡ። ምን አዩ? ግፋው በአንድ በኩል፣ ጓንጉል በሌላው በኩል፣ ተጠምደው ቆመዋል። ሁለተኛው በሬ ዳር ሆኖ ይግጣል፤ ያን ቀን የተመቸው እሱ ብቻ ነው። በጥንቱ ድንበር ላይ ደግሞ ከማሳው ራስ እስከ ግርጌው አንድ ትልም ወጥቷል፤ ጥልቅ፣ ቀጥ ያለ። ጓንጉል በዕድሜው ቀጥ ያለ ትልም አውጥቶ አያውቅም!

“ይህን ትልም ማን አወጣው?” አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

ጓንጉል ያን አፉን ከፈተ። “እኔ” ሊል ነበር። “ቢተው” ሊልም ነበር።

“እምቧ!” አለ።

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። አንዱማ እግሬ አውጪኝ አለ። ዝማም ግን አልሸሸችም። ቀረብ ብላ ማነቆውን ፈታችለት። አንገቱ ተልጧል።

“አያ ጓንጉል፣ ድንበሩ ይህ ነው?” አለችው።

አዎን ሲል ራሱን ነቀነቀ።

“ልጆቼ የሚበሉበት እስከዚህ ነው?”

ነቀነቀ። እንባው ወረደ።

“እንግዲያው ውሃ ጠጣ። በሬም ሲፈታ ይጠጣል” አለችው።

ንግግሩ በሳምንቱ ተመለሰ። ድፍረቱ ግን አልተመለሰም፤ መጀመሪያውንስ መቼ ነበረና! ጭጋግ በወረደ ቁጥር ብቻውን ማሳ መሄድ አቃተው። “ሸኙኝ” እያለ በየጎረቤቱ ዞረ። ያኛው “በፊት የኔን ድንበር መልስ” አለው። ይኸኛው “የኔንስ?” አለው። መለሰ፤ ምን ያድርግ? እነሱም መሬታቸውን ተቀብለው በራቸውን ዘጉ። ከፊቱ ልትሄድለት እሺ ያለችው ዝማም ብቻ ናት። ያ ጀግና ዘመዴ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጦ ከኋላ ከኋላ! “አያ ጓንጉል፣ ቀስ፤ ድንበሬን ረገጥክ” ስትለው፣ “ይቅርታ፣ እቴ!” እያለ እንደ ፍየል ይዘላል።

እንግዲህ ሰምታችኋል። ጭጋግ ሲወርድ፣ ቀኑ ሲጨልም፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ከማን ጋር እንሂድ ትሉኝ ይሆናል። ከጎረቤት ጋር ነዋ! ቀን የገፋችሁት ጎረቤት ግን በጨለማ ብትጠሩት አይወጣም። እሱ ዝም ካለ ደግሞ የሚመልስላችሁ ሌላ ነው።

በሉ፣ አሁን ቤቴ የሚያደርሰኝ ማነው? ምን ያስቃችኋል? ተነሡ እንጂ! አንዳችሁ ከፊት፣ አንዳችሁ ከኋላ። መሃሉ የኔ ነው።