ስድስት ብሎን

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ሞቶ የተገኘው በቫርኒሽ ክፍሉ ውስጥ ነው። በሩ ከውጭ በኩል በስድስት ረጃጅም ብሎኖች ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። የቫርኒሹ ሽታ አፍኖ ገደለው፤ ጩኸቱን የጎረቤት ጄኔሬተር ዋጠው። በሩ ሥር የወደቀው ካቻቢቴ ደግሞ የአናጢዋ ነው፤ እጀታው ላይ የጠቀለለችውን ጨርቅ የማያውቅ የለም። ሌሎቹ ሠራተኞች ቁም ሣጥን ሊገጥሙ ደንበኛ ቤት ሄደው ስለነበር፣ ግቢው ውስጥ የቀሩት እሷና የሟቹ ታናሽ ወንድም ብቻ ናቸው።

አናጢዋ ሳንቃ ላይ ቁጭ ብላለች። እውነቱን ብትናገር ከእስር ትተርፍ ይሆናል፤ እንጀራዋ ግን ያበቃለታል። ሟቹ «መሣሪያ መጨበጥ ያቃተው ቤቱ ይቀመጥ» ብሎ ሁለት ሰው ሲያባርር በዓይኗ አይታለች።

«መብራት መቼ ጠፋ?» አለ ከፖሊሶቹ ጋር የመጣው ቀጭን መርማሪ።

«ከጧት ጀምሮ» አለ ወንድምየው። «ድሪል አይሠራም፤ በእጅ ነው የታሰረው። እኔን እንዳትጠረጥሩኝ፣ ይኸው ክርኔ!» ፋሻውን አሳየ። «ቴኒስ ተጫዋቾችን የሚይዝ ሕመም ነው አሉኝ። ወር ሙሉ መሣሪያ የሚባል አልነካሁም።»

«ቴኒስ ይጫወታሉ?»

«ኧረ ኳሱንም ነክቼው አላውቅ!»

«አንቺስ እህቴ፣ የት ነበርሽ?»

«ጓሮ... እንጨት ስለይ። ብቻዬን።»

«እጅሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች ቶሎ ብላ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሁሉንም ሰበሰበ፤ የሟቹ ሚስትም መጣች። «እስቲ ያንን የቫርኒሽ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ያውርዱልኝ» አለው ወንድምየውን። ክንዱን ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ብድግ አደረገው። «አንቺ ደግሞ መልሽልኝ።» አናጢዋ ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ፣ መዳፎቿን ከሥር አድርጋ አቀፈችው።

«ሕመምተኛ የሚያነሣው እንደሷ ነው» አለ መርማሪው። «ክንድ ተዘርግቶ መዳፍ ወደ ታች ሲሆን የክርን ውጪኛው ጅማት ነፍስ ያወጣል። እጀታውን ያወፈረችውም ለዚሁ ነው፤ ወፍራም እጀታ አጥብቆ መጨበጥ አይፈልግም። ቀኑን ሙሉ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ሳይታመም በፊት እጀታውን ቢያወፍር፣ በየመሀሉም እጁን ቢያሳርፍ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ። እስቲ እጄን ጨብጪኝ።»

ጨበጠችው። ፊቷ ተጨማደደ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«በዚህ እጅ ስድስት ብሎን ጠንካራ እንጨት ውስጥ እስከ አናቱ አይገባም። ጨርቁ ደግሞ የእጀታውን ጎን እንጂ ጫፉን አይሸፍንም፤ ጫፉ ያልለመደ መዳፍ ይልጣል። ጌታዬ፣ ወር ሙሉ መሣሪያ ካልነኩ መዳፍዎ መሀል ውኃ የቋጠረው ምንድን ነው?»

ወንድምየው እጁን ኪሱ ከተተ፤ ግን ዘግይቷል። «ሊሸጠው ነበር!» ብሎ ጮኸ። «አባታችን የተወልንን ቤት፣ እኔን ሳያማክር!» ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

አናጢዋን ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። አሁን የእጇን ሕመም ሁሉም አውቋል። ከእንግዲህ ሥራ ቤቱን የምትመራው የሟቹ ሚስት ወደሷ ስትመጣ አንገቷን ደፋች።

«ነገ ትመጫለሽ?»

«እትዬ፣ እጄ እኮ...»

«ስለ እጅሽ አልጠየቅኩሽም።»