በቀኝ የታሰረችው ጀልባ

ሽማግሌው ባለጀልባ ራሱን ተፈንክቶ የገዛ ጀልባው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ጀልባዋ በቀኝ ጎኗ ከወደቡ ግንብ ጋር ታስራ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ የሟች ታናሽ ወንድም እጁ በካቴና ታስሯል። «አብረው ሲወጡ አይቻለሁ» ብሎ የመሰከረበት ደግሞ ባዳ አይደለም፤ እሱው አዝሎ ያሳደገው የሟች ልጅ ነው። ሰውዬው አላመነም፣ አልካደም፤ ዝም አለ። ዝምተኛ ተጠርጣሪ ደግሞ ለፖሊስ እንዴት ይመቻል!

መርማሪዋ ግን ቶሎ ያለቀ ነገር አይዋጥላትም። የሟች ሚስት ዘንድ ሄደች።

«እማማ፣ ይህችን ጀልባ መንዳት የሚችለው ማን ነው?»

«ባሌ፣ ወንድሙና ልጄ። ልጄማ ስንት ዓመት የሞተር ጀልባ ሲነዳ ኖሮ ገና አሁን መምጣቱ ነው።»

«ባለጀልባዎች ቀኙን ጎን ለምን ‹የመሪ ወገን› ይሉታል?»

«አይ ልጄ! እንደዚህች ያለ የድሮ ጀልባ መሪው ረጅም መቅዘፊያ ነው። ሰው ቀኝ እጁ ስለሚበረታ በቀኝ ይንጠለጠላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ግራው ‹የወደብ ወገን› ነው። መሪው ግንብ ላይ እንዳይደቅ ሁልጊዜ በግራ ነው የሚያስጠጉት።»

ሴትዮዋ ምን እንደተናገረች አላወቀችም።

በማግስቱ ሁሉንም ጀልባዋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«በቀኝ ስለታሰረች መሪው ግንቡ ላይ ደቅቆ ተሰብሯል» አለች። «ሟች እንዲህ አያስራትም። ወንድምየው ዕድሜ ልኩን በግራ ነው የሚያስራት። የሞተር ጀልባ መሪ ግን ከኋላ ስለሆነ፣ በየትኛውም ጎን ቢታሰር ግድ የለም።»

«አጎቴ አውቆ ቢያደርገውስ?» አለ ልጅየው።

«ሬሳ ይዞ የሚጣደፍ ሰው እጁ የለመደውን ነው የሚሠራው።»

ልጅየው አጎቱ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «ጀልባዋን ለእሱ ሊያወርስ ነበር! እኔ ልጁ እያለሁ!»

መርማሪዋ ካቴናውን ፈታች። «እርስዎ ገና በቀኝ መታሰሯን ሲያዩ ገብቶዎታል። ለምን ዝም አሉ?»

«ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ» አለ አጎትየው። «‹አጎቴን አሳስሬ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?› ይላል ብዬ።»

እናትየው የአጎትየውን ክንድ ይዛ መንገድ ጀመረች። ልጅየው «እማዬ!» ብሎ ሲጮህ ቆም ያለው አጎትየው ነበር፤ እሷ ጎትታ ወሰደችው።