ሽቶ እና የአንጀት በርሜሎቹ

ድልድዩ የለም። ትናንት ሲመጡ የተሻገሩትን ድልድይ ጎርፍ ጠራርጎ ወስዶታል። ከጭቃው ላይ የቀሩት ሁለት የተቆለመሙ ብረቶች ብቻ ነበሩ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ወርዶ አየ፣ አፍንጫውን በመሀረብ አፍኖ ተመለሰ። አፍንጫውን ያፈነው ግን ለወንዙ ብሎ አልነበረም። ፒካፑ ላይ ከቄራ የተለመኑ ሳንባ፣ ጨጓራና አንጀት ጢም ብለው የሞሉ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ፀሐይዋም ሥራዋን ጀምራለች።

ይህን ሰው የሚያውቀው ሁሉ «ሽቶ» ይለዋል። በቀን ሁለቴ ሸሚዝ ይቀይራል፣ ከሰው ጋር ከተጨባበጠ በኋላ እጁን በስውር ያሸታል፣ ከመኪናው ዳሽቦርድ ላይ የሽቶ ጠርሙስ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው አንጀት አምጣ ብላ የላከችው ታላቅ እህቱ ናት። እህቱ የባዘኑ ውሾችና ድመቶች ማቆያ አላት። አንዴ የገባ እንስሳ አይገደልበትም፤ ቀለብ ግን የለውም። ሰሞኑን ሩዙ አልቆ ድመቶቹ የባዶ ሳህን ጠርዝ ሲልሱ ይውላሉ። እስከ ነገ ጠዋት የሚበላ ካልገባ ግማሾቹን ውሾች «ባለ እርሻው» ይወስዳቸዋል። ባለ እርሻው ባለፈው ወር «ሰፊ ግቢ አለኝ» ብሎ አንድ ጭነት ውሻ የወሰደ ጨዋ ሰው ነው። ከእህቱ ጋር ያስተዋወቀውም ሽቶ ራሱ ነው። እህቱ ግን ያን ቀን እንደ ለቅሶ ቤት ስታለቅስ ውላለች፤ ዳግመኛ አንድም ውሻ መስጠት አትፈልግም።

«እማማ፣ እንመለስ መሰለኝ» አለ።

«የት? አንጀቱን ለቄራው ልትመልስለት?» አሉት ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ። የማቆያው ቀቃይ ናቸው፤ «እማማ ድስት» ይሏቸዋል። ጎኑ የተጨረማመተ ድስትና ጭልፋ እቅፋቸው ውስጥ ነበር። ቀለብ ከመታደሉ በፊት የድስቱን ቂጥ ሦስቴ ይመታሉ። ይህን ካስለመዱ ወዲህ በግቢው ውስጥ በምግብ መናከስ ቀርቷል። ድስቱን የሚያምኑት ለራሳቸው ብቻ ስለሆነ መንገድም ይዘውት ይወጣሉ። «በድሮው የገደል መንገድ እንውረድ፤ ወንዙን ዞሮ ያልፈዋል።»

«እዚያ እኮ ጅብ አለ።»

«ቢኖርስ? እንዳንተ አፍንጫ የሚያስቸግር አይደለም» ብለው ሳቁ። «ይልቅ እንወራረድ። ሳታስመልስ ከደረስክ ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዝህን እኔ አጥባለሁ።»

ሽቶ ማርሹን አስገባ።

የገደሉ መንገድ መንገድ መባሉም ሲያንሰው ነው። በአንድ ወገን ቀጥ ያለ ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን አፉን የከፈተ ባዶ። ገና ከመውረዳቸው ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። መስታወቱ ተሸፈነ፣ ጎማው ተንሸራተተ፣ ፒካፑ ወደ ገደሉ አፍ አዘመመ። ሽቶ መሪውን ወደ ቋጥኙ ጠመዘዘ። መኪናው ድንጋይ ገጭቶ ቆመ፤ አንዱ በርሜል ግን ክዳኑ በረረና በውስጡ ያለው በጋቢናው የኋላ መስኮት ሾልኮ አንገቱ ላይ ተደፋ። ቀዝቃዛ፣ ዝልግልግ፣ አረፋ ያለው ነገር በሸሚዙ ውስጥ ወደ ወገቡ ወረደ። ወደ ላይ አለው። ጥርሱን ነክሶ ዋጠው።

«በርታ ልጄ፣ ውርርዱ ገና ነው» አሉት እማማ ድስት፣ የፈሰሰውን በእጃቸው እየዛቁ። እሱ በአካፋ ነበር የሚያነሳው፤ በእጁ መንካት ሞት መሰለው።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባና አሻፈረኝ አለ። ዝንቡ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ አይን፣ ጆሮ፣ አፍ አልመረጠም። ሽቶ ጎንበስ ብሎ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲጠቀጥቅ ከቁጥቋጦው ወዲያ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ቀና አለ። አንገተ ሰፊ ጅብ አፍንጫውን ወደ በርሜሎቹ አቅንቶ ቆሟል፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ወዲያም ሌላ።

«እማማ፣ ይግቡ! ጋቢና ይግቡ!»

እማማ ድስት አልገቡም። ጭልፋቸውን አነሱና የድስቱን ቂጥ ባለ በሌለ ኃይላቸው ደበደቡት። ገደሉ አስተጋባ። ጅቦቹ ደነገጡ፣ ጎበጥ ጎበጥ እያሉ ወደ ዳገቱ ሸሹ። ሴትዮዋ ግን አልፎከሩም። ጭልፋው እጃቸው ላይ ቀረ።

በተቃራኒው ወገን ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰና ውሾች ወጡ። አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ቁስላቸው የሚሸት፣ እከክ ጀርባቸውን የላጠው ውሾች ጅራታቸውን እየወዘወዙ መጥተው ድስቱ ፊት በሰልፍ ተቀመጡ። አንገታቸው ላይ ማቆያው ለእያንዳንዱ ውሻ የሚያስረው ቢጫ ገመድ ነበር። ከፊት ያለው ሽማግሌ ውሻ አንድ እግሩን ያነክሳል።

«ዳኛው?» አሉ እማማ ድስት። «ዳኛው፣ አንተ ነህ?» በግቢው ውስጥ የተጣላን የሚገላግል ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ባለፈው ወር በባለ እርሻው መኪና ሲሄድ ጆሮውን ስመው ሸኝተውታል።

ሽቶ ዙሪያውን ተመለከተ። የጎማ ዱካ አለ። ሳሩ ውስጥ አጥንት አለ፤ አጥንቱ ላይም ቢጫ ገመድ። እርሻ የለም፣ ግቢ የለም። ባለ እርሻው ውሾቹን እዚህ ደፍቷቸዋል፤ የቀሩትን ጅብ በልቷቸዋል።

«ሰውየውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ድምፁ ተሰባብሮ። «ንጹህ ሰው ነው አልኳት። ጥሩ ይሸታል ብዬ እኮ ነው እማማ! ሌላ ምኑን አውቃለሁ?»

ቀቃይዋ ውሾቹን አብልተው አንድ በአንድ ጋቢና ውስጥ አስገቧቸው። ዳኛው የሽቶ ጭን ላይ ተኛ፤ መግሉ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ሽቶ ቀፈፈው፤ ቢሆንም አላወረደውም።

ሌሊቱን ጋቢናው ውስጥ አደሩ፤ ሲነጋጋ ጎማው ወጣ። ዳገቱን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ከላይ አንድ መኪና መንገዱን ሞልቶ ብቅ አለ። ጀርባው በሸራ ተሸፍኗል፤ ከሸራው ሥር የውሻ ጩኸት ይሰማል። ዘግይተዋል። እህቱ የሚበላ ስታጣ ሰጥታለች።

ባለ እርሻው ከአንድ ጎረምሳ ጋር ወረደ። ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ከሩቅ የሚጣራ ሽቶ። «እንዴት አደርክ ወንድም! እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ በልልኝ» አለ እጁን ለሰላምታ እየዘረጋ።

«የት ልትወስዳቸው ነው?»

«ወደ እርሻዬ ነዋ።»

ሽቶ የጋቢናውን በር ከፈተ። ዳኛው ወጣና ጥርሱን አሳየ። ሰውየው እጁን ሰበሰበ፤ ፊቱ ግን ብዙም አልተለወጠም።

«ሰፈራችን በውሾቹ ጩኸት እንቅልፍ አጣ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «የእህትህ ሕግ አይገደሉ አይደል? እኔም አልገደልኩም። ለቀቅኳቸው እንጂ።»

ሽቶ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ነገር በጆሮው ገብቶ አያውቅም። «ልትገድላቸው እንኳ እጅህን አላቆሸሽክም» አለው። ጎረምሳው የብረት ዘንግ ይዞ ሲጠጋ በርሜሉን ከፈተ። አካፋውን አልፈለገም። ክንዱን እስከ ትከሻው ነከረና የሳንባና የአንጀት ጥቅልል አውጥቶ ነጩ ሸሚዝ ላይ ወረወረው። ደገመ። «ይምቱት እማማ!»

ድስቱ ሦስቴ ጮኸ። ሸራው ተቀደደና የተራቡት ውሾች እንደ ውሃ ተዘረገፉ። የሚበላው ያለው ባለ እርሻው ደረት ላይ ነበር። ሰውየው አንጀቱን ከአንገቱ ላይ እየጎተተ፣ እየጮኸ፣ የመኪናው ጣሪያ ላይ ወጣ። ጎረምሳው ዘንጉን ጣለና ከመሪው ጀርባ ገብቶ በኋላ ማርሽ ሽቅብ ሸሸ። ጌታው ጣሪያው ላይ ተለጥፎ፣ ዝንብ አጅቦት ሄደ።

ማቆያው በር ላይ እህቱ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል። መጀመሪያ መኪናውን ተከትለው የሚሮጡትን ውሾች፣ ቀጥሎም ዳኛውን አየች።

«እቴቴ፣ እርሻ የሚባል ነገር አልነበረም» አላት። «ገደል ውስጥ ነው የደፋቸው። የቀሩት አልቀዋል። ሰውየውን ያመጣሁልሽ ደግሞ እኔ ነኝ።»

እህቱ የዳኛውን አንገት አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ሳትል «በርሜሉን አውርድ፣ እንጨቱን አያይዝ» አለችው። 

አወረደ፣ አያያዘ። የሚታጠብበት ውሃ ፍለጋ ወደ መኪናው ሲመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየና ከልማድ የተነሳ ከፍቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ያው ሽታ ነበር፤ የነጩ ሸሚዝ ሽታ፣ የተዘረጋው እጅ ሽታ። በረዶውን፣ ዝንቡን፣ መግሉን ችሎ የመጣው ሰው የግቢውን አጥር ይዞ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰ።

እማማ ድስት ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «ደርሰን ነው ያስመለስከው፤ ውርርዱን አሸንፈሃል። ሸሚዝህን አምጣ፣ ልጠብልህ።»

ሽቶ ጠርሙሱን ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ወረወረ። ደም የደረቀበትን እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበና እሳቱ ወዳለበት ሄደ።

«ሸሚዙ ይቆይ እማማ» አለ። «መጀመሪያ ድስቱን ይምቱ።»